የዋንዛው ማር

ማር አልበላም። ሰርግ ቤት ብርዝ ሲታደል ዋንጫውን ተቀብዬ ከጎኔ ላለው ሰው አሳልፋለሁ። ሰው ሁሉ «ኸድራን ጨጓራዋን ያማታል» ይላል፤ እኔም ይበሉ ብዬ ትቼዋለሁ። ጨጓራዬስ ደህና ነው። ጸጉሬ ነጭ ሆኖ እንኳ ደሜን የሚያፈላው ሌላ ነገር ነው።

ሰባት ዓመቴ ነበር። የደጋው ጦር ወደ አገራችን ከወረደ ሦስት ክረምት አልፏል። ግብሩ ወርቅ ነውና የመንደራችን ወንዶች በጋውን ሙሉ ወንዝ ዳር ጉድጓድ ሲምሱ ይከርማሉ። አባቴን ሙርሳልን ከነዚያ ጉድጓዶች አንዱ ተደርምሶ በላው። ከአሶሳ የግማሽ ቀን መንገድ በሆነችው መንደራችን፣ በሽመል ግድግዳና በሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ሦስታችን ቀረን፤ እናቴ ጣሂራ፣ እኔና ገና ድክ ድክ የሚለው ወንድሜ ጁምዓ።

ከጎጆው ጀርባ አንድ ዋንዛ ነበር። በዓለም ላይ ከእሱ የሚበልጥ ዛፍ ያለ አይመስለኝም ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነጭ አበባ ይለብሳል፤ ፍሬው ሲበስል እየለቀምን ስንመጥ ጣቶቻችን እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ከሥሩ «ሲጢጥ… ሲጢጥ…» ይላል። እኔ እየዘፈነልን ነበር የሚመስለኝ። በየዓመቱ በጋ ላይ የሜዳው ሣር ሲቃጠል፣ እሳቱ እግሩን ሲግጠው ኖሮ ሆዱ ከሰል እንደሆነና ወደ ጎጆአችን እያዘነበለ እንደሄደ የሚያውቀው ትልቅ ሰው ነው።

አባቴ በሞተ በአርባኛው ቀን ታላቅ ወንድሙ ሐምዳን መሰላል ተሸክሞ መጣና ዋንዛው ላይ ሁለት የሽመል ቀፎ ሰቀለ። እኔ ከሥር ቆሜ አጨበጨብኩለት። አጎቴ ሐምዳን ጭስና ማር ይሸታል፤ ባየኝ ቁጥር «የወንድሜ ዓይን» እያለ ጭንቅላቴን ይዳብሰኛል። እናቴ ግን ከበሩ አልወጣችም።

«እማ፣ አጎቴ ንብ አመጣልን!» አልኳት።

«ንብ አይደለም ያመጣው» አለችና ገንፎዋን ማማሰሏን ቀጠለች።

ታዲያ ምንድን ነው ያመጣው? ሁለቱንም ቀፎ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ ከልቅሶ ብዛት ዓይኗ ደክሟል ብዬ አዘንኩላት።

ያመጣውን ዛሬ አውቀዋለሁ። በእኛ መንደር ደንብ ቀፎ የሰቀለ ዛፉን ይይዛል። ዛፉን የያዘ ጥላውን፣ ጥላውን የያዘ ውሎ አድሮ ግቢውን ይይዛል። ሐምዳን እናቴን ዒዳዋን፣ የሐዘን ጊዜዋን እንኳ ሳትጨርስ «ከቤቴ ግቢ፣ ሦስተኛ ሚስት ሁኚኝ» ብሏት እምቢ ብላው ነበር። በበር አልገባ ሲለው በዛፍ መጣ። ደንቡ ለእናቴ የተወላት አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነበረች። የግቢው ባለቤት ከመጀመሪያው ማር ካልቀመሰ ቀፎው እንደ እንግዳ ይቆጠራል፤ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «ይውረድልኝ» ማለት ይችላል። ከቀመሰ ግን አበቃ፣ ተስማምቷል። ይህን ለሰባት ዓመት ልጅ ማን ይነግራታል? ማንም አልነገረኝም።

የማሩ ጊዜ ደረሰና አጎቴ አንድ ቅል ሙሉ ማር ይዞ መጣ። እናቴ በሩን በሰውነቷ ዘግታ ቆመች።

«አላህ ይስጥልን፣ ጠግበናል» አለችው።

«ለልጆቹ ነው።»

«ልጆቹም ጠግበዋል።»

ከጠዋት ጀምሮ ከትንሽ ባምያ ሌላ አልቀመስንም። «እኔ አልጠገብኩም!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ በክንዴ ጎትታ ወደ ውስጥ ወረወረችኝ። አጎቴ ሳቅ አለና ቅሉን ደጃፉ ላይ አኑሮ ሄደ። እናቴ በሁለት ጣቷ፣ የሞተ አይጥ እንደምታነሳ፣ አንጠልጥላ ከአጥሩ ውጭ መንገድ ላይ አስቀመጠችው። ጉንዳን ወረረው። እኔ በሽመሉ ቀዳዳ እያየሁ በጉንዳኖቹ ስቀና ዋልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ክፉ፣ አጎቴ ደግ ሆነው ልቤ ውስጥ ተጻፉ።

ከጥቂት ቀን በኋላ እናቴ አስጠርታቸው ሸህ ዐብዱልቃድር ግቢያችን መጡ። የመንደሩ ሽማግሌዎች አለቃ ናቸው፤ እኛን ልጆቹን ቁርኣን የሚያስቀሩን፣ የሚያስተምሩን እሳቸው ናቸው፤ ረጅሙ ነጭ ጀለቢያቸው ሁልጊዜ ጉድፍ የለውም። እናቴ ወደ ዋንዛው ጀርባ ወሰደቻቸው።

«ሸህ፣ በምላሴ አይመኑኝ። እጅዎን ያስገቡ» አለቻቸው።

እሳቱ በከፈተው ቀዳዳ እጃቸውን ሰደዱ። መጀመሪያ አንጓቸው፣ ቀጥሎ ክንዳቸው፣ እስከ ክርናቸው ገባ። ሲያወጡት ነጩ እጅጌ ጥላሸት ሆኗል። እኔ አፌን ይዤ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ዛፉን ወደ ላይ አዩ፣ ጎጆዋን አዩ፣ ከሥሩ አፈር የሚጫወተውን ጁምዓን አዩ። «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ ቀስ ብለው። «ዓርብ ከሰላት በኋላ እንፈርዳለን።»

እሳቸው እንደሄዱ እናቴ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኢቲዳል ሮጠች። «በእጃቸው ነክተውታል፣ ኢቲዳል! እስከ ክርናቸው!» ትላለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ትስቃለች። የሸሁን ልብስ ስላቆሸሸች ነው የተደሰተችው ብዬ ይበልጥ አፈርኩባት።

ሐሙስ ዕለት ማሽላው መካከል ማማ ላይ ሆኜ ወፍ እጠብቅ ነበር። አጎቴ ሐምዳን መጣ፤ ከኋላው የማሳ ጎረቤቱ ኦመር ይከተለዋል። አጎቴ በሰፊ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ወደ ላይ አቀበለኝ። ስፈታው የማር እንጀራ ነው። ማሩ በክንዴ ላይ ይወርዳል።

«ከየት እንደተቆረጠ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ከእኛ ዋንዛ!»

«ኦመር፣ ሰማሃት አይደል?»

ኦመር ራሱን ነቀነቀ፤ እኔን ግን ቀና ብሎ አላየኝም። «በይ እንግዲህ የወንድሜ ዓይን፣ ቢስሚላህ ብለሽ ብዪ» አለኝ አጎቴ።

ቢስሚላህ ብዬ በላሁ። ሰሙን ሳይቀር አኘኩት። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባል የለ? ግን ለበሬውስ ቢያንስ ሣሩን ገደል አፋፍ ላይ የዘራለት ሰው አልነበረም። ወፎቹ ማሽላውን እየለቀሙ፣ እኔ ጣቴን እየላስኩ፣ ሁለቱ ጎልማሶች ልጅ ስትበላ ቆመው አዩ። የአባቴ ቤት ሲዘረፍ አብሬ እንድዘርፍ በማር ቀጠሩኝ። ያን ዕለት ግን እንደ እኔ የተወደደ ልጅ በመንደሩ አልነበረም።

ዓርብ ሽማግሌዎቹ እዚያው ዋንዛው ሥር ተሰበሰቡ። ሁሉም ጥላው ውስጥ ቁጢጥ ሲሉ ሸህ ዐብዱልቃድር ብቻ ቁርበታቸውን ጎትተው ከጥላው ወጡና ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌ ስለሆኑ ይበርዳቸዋል ብዬ አሰብኩ።

እናቴ ተናገረች። እግሩ ተቃጥሏል፣ ከመጪው ክረምት በፊት ይወድቃል፣ ቀፎው ይውረድልኝና ልቁረጠው አለች። ሐምዳን ተነሳ።

«ጠባሳ ነው፣ ላይ ላዩን ነው የነካው። ዋላሂ፣ ግንዱ ድፍን ነው! የልጅ ልጄን ቀፎ ይሸከማል። ደግሞም ይህ ቤት ማሬን ቀምሷል።»

«ውሸት ነው! ቅሉን መንገድ ላይ ነው ያኖርኩት፣ መንደሩ አይቷል!» አለች እናቴ።

«ልጅቷ ትጠየቅ። ኦመርም ምስክሬ ነው።»

ሸሁ ወደ እኔ ዞሩ። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ማሩን ቀምሰሻል?»

ያን ያህል ጺም ወደ እኔ ሲዞር ያ የመጀመሪያዬ ነው። ኩራት ደረቴን ነፋው። «አዎ! በጣም ይጣፍጣል። እማ ናት የከለከለችኝ፤ እሷ ለጉንዳን ነው የሰጠችው!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ። የእናቴ ፊት ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ሆነ፤ የተቆጣችኝ መስሎኝ ከአጎቴ እግር ጀርባ ተደበቅሁ።

ሸህ ዐብዱልቃድር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅ የቤቱ አፍ ናት። የቀመሰ ተካፋይ ነው፣ ተካፋይ ደግሞ ከሳሽ አይሆንም። ቀፎው ይቆይ፣ ዛፉ አይነካ።»

«ቤቴ ላይ ቢወድቅስ?»

«እሱ የአላህ ሥራ ነው።»

«እንዲህ ነው!» አለች እናቴ። ድምጿ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «ሲቆም የሐምዳን፣ ሲወድቅ የአላህ!»

አልመታችኝም። ያን ዕለት ግን የሁላችንንም ሰሌን ከምንተኛበት አንስታ ጎጆው ውስጥ ካለው የእህል ጎተራ ኋላ፣ አይጥ ከሚንጫጫበት ጥግ ወሰደችው። የማሩ ቅጣቴ ነው ብዬ ስድስት ወር ሙሉ አኮረፍኩ። ከዛፉ የራቀው የጎጆው ጥግ እሱ እንደነበር የገባኝ ጥጉ ብቻ ቆሞ ሲቀር ነው።

ሚያዝያ ላይ፣ ገና የመጀመሪያው ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ቀትር ላይ ነፋስ ተነሳ። እናቴና እኔ ከግቢው ውጭ ልብስ እንሰበስባለን፤ ጁምዓ ከጎተራው ኋላ ተኝቷል። ዋንዛው «ሲጢጥ» አለ፤ ደገመ፤ ከዚያ ቅርንጫፉ ከነቀፎው ተገንጥሎ ጣራችን ላይ ወረደ። የጎጆው ምሰሶ ተሰብሮ በጁምዓ ግራ እግር ላይ ወደቀ። ንቦቹ ሰማዩን ሞሉት። እናቴ በንቡ መሐል ገብታ ወንድሜን ጎትታ አወጣችው፤ ፊቷ አብጦ ለሁለት ቀን ዓይኗ አልተገለጠም። ጁምዓ ነፍሱ ተረፈ። እግሩ ግን ቀጥ ብሎ ዳግመኛ አልቆመም። ያን ጥግ ባትመርጥለት ኖሮ እግሩን ሳይሆን እሱኑ ነበር የምናጣው።

በሦስተኛው ቀን ሐምዳን መጥረቢያ ይዞ መጣ። ቅርንጫፉ ተገንጥሎ ገና ያልወደቀውን ግንድ እየዞረ በስንዝር ለካ፣ ስንት በር እንደሚወጣው ከራሱ ጋር ተማከረ፣ ከዚያ ኢቲዳል ቤት ወደተጠጋችው እናቴ ዞረ።

«እንግዲህ ቤት የለሽም፣ ጣሂራ። ልጆቹን ይዘሽ ነዪ፤ አላህ ራሱ ፈረደ።»

እናቴ በእብጠቱ መሐል በቀጭኑ በተከፈተው ዓይኗ አየችው። «ሽማግሌዎቹን ጥራልኝ» አለችው።

ተሰበሰቡ። በዚህ ጊዜ ማንም ጥላው ሥር አልተቀመጠም። እናቴ እጄን ይዛ መሐል አቆመችኝ። እጇ ትኩስ ነበር። አሁን ሊገርፉኝ ነው አልኩ በልቤ።

«ሸህ፣ ልጄን እንደ በፊቱ ይጠይቁልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ያንኑ።»

ሸሁ አመነቱ። «ማሩን… ቀምሰሻል?»

እናቴን ቀና ብዬ አየሁ። ራሷን ነቀነቀችልኝ። «ቀምሻለሁ» አልኩ፤ ድምፄ አልወጣም። «ከፍ አድርጊው፣ ልጄ» አለችኝ፤ «ቀምሻለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

«ሰማችሁ» አለች እናቴ። «የቀመሰ ተካፋይ ነው ብላችኋል። ልጅ የቤቱ አፍ ናት ብላችኋል። ክሴን ልትጥሉ አፏን ካመናችሁ፣ ድርሻዋን ልትሰጡም እመኑት። የዋንዛው ግማሽ የኸድራ ነው!»

የሚስቅ አልነበረም። ሐምዳን «ይህ ምን ዓይነት…» ብሎ ጀመረና ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ኦመር መሬቱን እያየ ነበር። ደንቡ በእጃቸው የሠሩት ነው፤ ወዴት ይሽሹ? ሸሁ «ግማሹ የልጅቷ ነው» አሉ።

«መጥረቢያ ሳይነካው ይመረጥ» አለች እናቴ፤ «ኋላ ጭቅጭቅ እንዳይመጣ። ታላቅ ይቅደም፤ የታችኛውን ግማሽ ወይስ የላይኛውን?»

ሐምዳን እንደ ዳኛ ተጀንኖ ግንዱን ዞረው። የታችኛው ግማሽ ሦስት ሰው አያቅፈውም፤ የላይኛው ቀጭን ነው። «የታችኛው» አለ። ሸህ ዐብዱልቃድር አፋቸውን ከፈት አደረጉና መልሰው ገጠሙት። እናቴ አየቻቸው፣ እኔም አየኋቸው።

የተረፈውን ቀፎ በጭስ አወረዱ። ኢቲዳልና ሌሎች ሰባት ሴቶች ጠፍር አሥረውበት ወደ ሜዳው ወጥረው ያዙ። በሜዳው በኩል ግንዱን በመጥረቢያ ፈልጠው አፍ ከፈቱለት፣ ከዚያ ከጀርባው ይቆርጡት ጀመር። የመጀመሪያውን ምት እናቴ መታች። ዛፉ አንድ ጊዜ ጮኸና እንደተፈለገው ሜዳው ላይ ተዘረረ። ከመሐሉ ሲከፍሉት ከላይኛው ግማሽ ጽጌረዳ የመሰለ ንጹሕ እንጨት ወጣ። ከታችኛው ከሰል ፈሰሰ። ጥቁር ትቢያ፣ ትላትል፣ ከዚያ ባዶ ቀፎ የመሰለ ቅርፊት። ሐምዳን አፉን ይዞ ቆመ። «ድፍን ነው» ብሎ በአላህ የማለው ራሱ ነውና ድርሻውን በቅርጫት ለቅሞ ሄደ። ክረምቱን ሙሉ ያንን ከሰል ሲያነድ ሰማን።

የእኛን ግማሽ በሽብልቅ ሰነጠቅነው። ጎጆውን መልሰን ስንሠራ የበር ሳንቃ ሆነልን፤ ከውስጥ የሚሸጎር፣ ያለ እናቴ ፈቃድ ማንም የማይከፍተው በር። ከግንዱ ቁራጭ ሙቀጫ ተቦረቦረ። ለጁምዓ ደግሞ ምርኩዝ ተጠረበለት፤ እያደገ ሲሄድ ከተረፈው ሳንቃ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። እናቴ ከዚያ በር ኋላ ማንንም ሳታገባ አሳደገችን።

ሰው «እናትሽ ረታች» ይለኛል። ምኑን ረታች? ግማሽ ዛፍ ለአንድ እግር! እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን እግር የሰበርኩት እኔ ነኝ እያልኩ ኖርኩ። ጁምዓ በምርኩዙ «ቋ፣ ቋ» እያለ ባለፈ ቁጥር የማሩ ጣዕም ጉሮሮዬ ውስጥ ይመጣል።

የጁምዓ ልጅ ስትዳር ሸህ ዐብዱልቃድር በሰው ተደግፈው ሰርጉ ላይ መጡ፤ በጣም አርጅተዋል። ብርዙ ሲዞር እኔ አሳለፍኩት። አይተውኝ ሳቁ።

«ይህች ናት እኮ ማር የበላችው ልጅ!» አሉ ለወጣቶቹ። «እናቷ ስታለቅስ ይጣፍጣል ብላን! ቤቷን በምላሷ የጣለች!»

ወጣቶቹ ሳቁ። ይህን ጨዋታ ስንት ሰርግ ላይ እንዳወሩት አላህ ይወቅ። ጁምዓ ምርኩዙን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ አንገቱን ደፋ። ያኔ ውስጤ የሆነ ነገር ተሰበረ፤ ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩት ሸክም የማን እንደነበረ አየሁት። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። እሳቸው ጺማቸው ደረታቸው ላይ ነበር።

«ሸህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አልኩ። «ያን ዓርብ ሁሉም ጥላው ሥር ሲቀመጥ፣ እርስዎ ብቻ ለምን ፀሐይ ላይ ተቀመጡ?»

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ። ወንድሜን አዩ፣ ምርኩዙን አዩ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ከኛ አሸሹ። የጀለቢያቸውን እጅጌ ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጎትተው ያን ጊዜ ዋንዛው ሆድ ውስጥ የሰደዱትን ክንዳቸውን ሸፈኑ።